የግራ እጅ ፈትል

ባሂራ በሸማኔው በፈቃደ ላይ የያዘችው ቂም አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ቂሙ እንዲህ ነው። ለእናቷ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እንዲሠራላት በእጇ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ሰጠችው። እሱ ግማሹን ፈትል ለራሱ አስቀርቶ፣ በምትኩ የሚስቱን የላላ ፈትል ሸምኖ መለሰላት። ባናው አንድ ክረምት እንኳ ሳይሞላው አንደኛው ጎኑ እየተለጠጠ ወረደ፣ መሃሉ ላይ ያለው ስፌት ተኮማተረ፣ ጠቅላላው ጠመመ። እናቷም ቸሃ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ጠማማ ባና ለብሳ ሞተች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ባናውን አየው። «ፈታይ ልጅ እያለቻት የለበሰችው ይሄንን ነው?» ሲባል ባሂራ በጆሮዋ ሰማች።

ይህን ታሪክ ለቡታጅራ ሰው ሁሉ ነግራለች። ቆሼ ገበያ ወርዳ ነግራለች። ሚኒባስ ላይ አጠገቧ ለተቀመጠ፣ ስሟን እንኳ ለማያውቅ ሰው ነግራለች። ስትናገር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው። ጠጉሩ ከእናቷ በጎች እንዴት እንደተሸለተ፣ እንዴት እንዳጠበችው፣ በደጋን እንዴት እንደነደፈችው፣ ስንት ወር እንዝርት ስታሾር እንደከረመች። አንዲት ነገር ብቻ ትዘላለች። ለአሥራ አንድ ዓመት እየዘለለቻት ስለኖረች፣ አንዳንዴ ያቺ ነገር ጭራሽ ያልነበረች ይመስላታል።

ባና ዛሬ የሚያውቀው ሰው እየቀነሰ ነው፤ ሁሉም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ባለ አበባ ብርድ ልብስ ይገዛል። ባና ግን የደጋ ሰው መከታ ነው። በሁለት ቁራጭ ይሸመንና መሃሉ ላይ ይሰፋል። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ጠጉሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ በእግር ይረገጣል። የተረገጠ ባና ዝናብ አያስገባም፣ ነፋስ አያስገባም። ፈትሉ መጥፎ ከሆነ ግን መርገጥ አያድነውም።

ስለ ፈትል ደግሞ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በቀኝ እጅ ቀኝ ጭን ላይ የተሾረ እንዝርት ክሩን ወደ አንድ ወገን ያከርረዋል። በግራ እጅ ግራ ጭን ላይ የተሾረው ወደ ሌላው ወገን። ፈታይ የሆነች ሴት ክሩን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ ፊት አሸት ስታደርገው ታውቀዋለች። የቀኝ እጅ ከሆነ ይብስ ይከርራል፣ የግራ እጅ ከሆነ ይፈታል። መጀመሪያ የነቃችው የባሂራ እናት ነበረች። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓይኗ ደክሞ፣ የባናውን ጫፍ እያሸች «ባሂራ፣ ይሄኛው ጎን እኮ የግራ እጅ ነው» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ባሂራ እናቷን ቀብራ፣ ሐዘኗን ተቀምጣ፣ ባናውን ተሸክማ ቡታጅራ ገበያ ወረደች። ሸምሶ የሚባል ጥጥና ገመድ የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፤ ሱቁ በር ላይ ሁለት ቋሚ እንጨት ተክሎ ገመድ ይወጥርባቸዋል። ባናውን እዚያ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ፈታዮቹን ጠራች። አንድ ክር ከቀኙ ጎን፣ አንድ ክር ከግራው ጎን መዘዘችና ለሴቶቹ በየተራ አስያዘቻቸው።

«እሹት» አለች። «ይሄኛው የእኔ እጅ ነው። ያኛውስ? ይፈታል አይደል? ቡታጅራ ውስጥ በግራ እጇ የምትፈትል ማን ናት?»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ዞሮ አየ። ዓለምዘውድ፣ የፈቃደ ሚስት፣ ልቃቂቶቿን በቅርጫት ይዛ ከሰው መሃል ቆማ ነበር። ግራኝ እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም።

ፈቃደ ከሽመናው ጉድጓድ ተጠርቶ መጣ። «ባሂራ፣ ደውዬልሽ ነበር እኮ» አለ በለሆሳስ።

«የደወልከው መቼ እንደሚያልቅ ልትነግረኝ ነው!» አለችው። ከዚያ ያቺን ቃል ተናገረች። «ወላሂ፣ ይሄ የእጄ ሥራ አይደለም።»

በወላሂ የተባለ ነገር ገበያ ላይ አይመረመርም። ሦስት ገበያ ተመላልሳ ባናውን ያው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ፈቃደ የአገሩ ተወላጅ ቢሆን ኖሮ ዘመዶቹ ሽማግሌ ያስቀምጡ ነበር፣ ነገሩ ይታይ ነበር። እሱ ግን ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሃያ ዓመት የሸመነ፣ ከሚስቱ በቀር ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ማንም አልተቀመጠለትም። ፈትል የሚሰጠው ሰው ቀረ። በዓመቱ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ወልቂጤ ሄዱ። ባሂራ መኪናው ሲያልፍ በሯ ላይ ቆማ አየችው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። ሐሞት ነው አለች።

*

ዘንድሮ፣ ጥቅምት ላይ፣ ምስጋና የሚባል ወጣት መምህር ከወልቂጤ መጣ። የድሮ የሱፍ ልብሶች እየሰበሰበ ለሕዝብ የሚታዩበት አንድ ክፍል ሊያደራጅ ነው። ጠማማ ባና ያላት ሴት አለች ብለው ወደ ባሂራ የላኩት የገበያ ሰዎች ናቸው።

«ደህናው ባና ሞልቶ እያለ ጠማማውን ምን ታደርገዋለህ?» አለችው።

«ደህናውን ከየቤቱ አግኝቻለሁ፣ እናቴ። የተበላሸ ግን ሰው አያስቀምጥም። እኔ ደግሞ ለምን እንደሚበላሽ ነው የማጠናው።»

ሰው ስለ ባናው ሲጠይቃት ደስ ይላታል። ከሣጥን አወጣችለት። ጣሪያው ማገር ላይ ሰቀሉት፤ በየጎኑ ጫፍ እኩል የሚመዝን ድንጋይ አሰረና በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ። ቀኙ አንድ ጣት ያህል ተለጠጠ፤ ድንጋዩን ሲፈታለት ተመለሰ። ግራው አራት ጣት ወረደ። ድንጋዩን ፈታለት። እዚያው ቀረ።

«አዩት?» አላት። «የከረረ ክር እንደ ሞላ ነው። ሲጎትቱት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የላላው ግን ጠጉሩ እርስ በርሱ አልተያዘም፤ ይንሸራተታል፣ እንደተንሸራተተ ይቀራል።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው? እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር።»

«እሳቸውን ቀድሜ ባገኝ ኖሮ ይሄኔ ጨርሼ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ታሪኩን ጠየቃት። ነገረችው፤ ከመጀመሪያው። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትናገራለች። የሸማኔውን ስም ሲጠይቃት ሳታመነታ «ፈቃደ በል። ሚስቱ ዓለምዘውድ። ሁለቱንም ጻፍ» አለችው። ባናው አጠገብ በትልቁ ታትሞ እንደሚለጠፍ፣ ተማሪውም እንግዳውም እንደሚያነበው ነገራት። ባሂራ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፤ የተጻፈ ነገር ታከብራለች። በመጨረሻ እውነቴ ወረቀት ላይ ወጣ ብላ ሻይ ልታፈላለት ተነሣች።

ስትመለስ ባናውን ደጅ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በአጉሊ መነጽር እያየው ነው።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጎቹ የእናትዎ ናቸው አሉኝ አይደል?»

«ከእሷ በቀር እንዲህ ያለ ጥቁር በግ የነበረው የለም።»

«እውነት ነው፣ ለየት ይላል። ጥቁር ነው፣ ጫፉ ግን ፀሐይ እንደመታው ዝገት ይመስላል። እስቲ ይዩት።»

መነጽሩን ተቀብላ አየች። የቀኙ ጎን ጠጉር ጫፉ ዝገት ይመስላል። ወደ ግራው ወሰደላት። ዝገት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጠርዙ ወሰደላት። ሁሉም ዝገት።

«ግራው ጎን ሙሉውን የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ጠጉሩ ግን የእናትዎ በጎች ነው» አለ መምህሩ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ፈትሉ ተለውጦ ከነበረ የእርስዎ ጠጉር እዚህ እንዴት ተገኘ? እዚህ ጋ ነው ግራ የገባኝ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

ባሂራ መነጽሩን መለሰችለት። «ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ጽሑፉ የሚታተመው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ብሏት፣ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ባናውን ለጊዜው እሷው ጋ ተወው።

*

ያቺ የምትዘልላት ነገር ይህቺ ናት።

የዚያን ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹን ልቃቂቶች ለፈቃደ ከሰጠች በኋላ፣ እናቷን ልታግዝ ቸሃ ሄዳ እንሰት ስትፍቅ የቀርከሃው መፋቂያ አመለጣትና የቀኝ እጇን አውራ ጣት ሥሩ ድረስ ሰነጠቀው። መገለ፣ አበጠ። ከአንድ ወር በላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከረመ። ፈትሉ ደግሞ ግማሽ ላይ ነበር፣ ክረምቱ እየመጣ ነበር። ቁጭ ብላ በግራ እጇ ፈተለች።

ይህን አልረሳችውም። ግን ለራሷ ያለችው ሌላ ነው። «ሁለት ልቃቂት ብትሆን ነው» አለች። ሁለት ልቃቂት ምን አላት? ሙሉ የባና ጎን አያጣምም። ስለዚህ የቀረውን የለወጠው ፈቃደ ነው። ሁለት ልቃቂት ደግሞ ገበያ ላይ የሚነገር ነገር አይደለም። እንዲህ ብላ ዘለለቻት፤ እየዘለለቻት ኖረች። ጠባሳው አውራ ጣቷ ሥር እስከ ዛሬ አለ። ሰው ሲጠይቃት እንሰት ነው ትላለች፤ መቼ እንደሆነ አትናገርም።

መምህሩ የሄደ ዕለት፣ ፀሐይዋ ገና በሩ ላይ ሳለች፣ ከአልጋ ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎተተች። ከእናቷ በጎች የተረፈ ጠጉር ነው፤ ልትጥለው ያልቻለችው። እንዝርቷን አወጣች። ግራ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በግራ እጇ አሾረችው። መጀመሪያ ተበጠሰ። እንደገና አሾረች። ቀስ እያለ አንድ ክንድ ያህል ወጣ፤ ላላ ያለ፣ አንዱ ቦታ ወፈር ሌላው ቦታ ቀጠን ያለ። ከባናው ግራ ጎን አንድ ክር መዘዘችና አጠገቡ አደረገችው።

የቱ የዛሬ፣ የቱ የአሥራ አንድ ዓመት እንደሆነ ራሷም መለየት አቃታት።

ያን ጊዜ ስልኩም ትዝ አላት። ትዝ አላት ማለት አይቻል ይሆናል፤ ከልቧ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ፈቃደ ደውሎ «ባሂራ፣ ሁለተኛው ፈትል እጁ ሌላ ነው፣ ማን ፈተለው?» ነበር ያለው። እሷም ጣቷ እየጠዘጠዛት «እኔው ነኝ የፈተልኩት፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አለችው። በገዛ አፏ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው አፍ ወላሂ አለች።

ለሐሰት መሐላዋ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾመች። ጾሙን ስትጨርስ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። ጾሙ በእሷና በአላህ መካከል ነው፤ ዓለምዘውድን ምን ጠቀማት? ቅርጫቷን ይዛ ከሰው መሃል የቆመችው፣ ሁሉም ዞሮ ሲያያት አፏን ከፍታ መልሳ የዘጋችው ሴት፣ በዓይኗ ላይ ቆመች። ባሂራ ምግብ ስትሠራ ትቆማለች፣ ስትሰግድ ትቆማለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። መምህሩ ደወለ፤ አላነሣችም። ሌላ ጊዜ ደወለ፤ አላነሣም አለች። እልኸኛ ናት፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ለመልቀቅ እጇ አልለመደም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ሸምሶ ሱቅ ሄዳ «ፈቃደ ወልቂጤ የት ነው የሚኖረው?» አለችው።

ሸምሶ ገመድ እየጠቀለለ ቀና ብሎ አያት። «ምነው፣ እዚያም ሄደሽ ባናሽን ልትሰቅዪው ነው?»

«ንገረኝ፣ ጋሽ ሸምሶ።»

ነገራት።

*

ባናውን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ወልቂጤ ገባች። ቤቱን ባጃጅ ነጂው ያውቀዋል፤ ተማሪ ሽሮ የሚበላበት ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ዓለምዘውድ ናት። ጠጉሯ ሸብቷል። በግራ እጇ ጭልፋ ይዛለች።



«ሽሮ ልትበዪ ነው የመጣሽው?» አለች ዓለምዘውድ።

«አይ።»

«እንግዲያስ በሩን አትዝጊብኝ፣ ተማሪ ይገባል።»

ባሂራ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋት። ባናውን ከፌስታል አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «የግራውን ጎን የፈተልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጣቴ ተሰንጥቆ በግራ እጄ ፈተልኩት። ሙሉውን።»

ዓለምዘውድ ጭልፋውን አስቀመጠች። ባናውን አልነካችውም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ማን ይወቅ? እኔ አልፈተልኩት፤ ፈቃደ አልፈተለው። ማን ቀረ?» ድምጿን አልጨመረችም። «እኔ ግራኝ ነኝ፣ ባሂራ። ላላ አድርጌ ግን ፈትዬ አላውቅም። ያን ቀን ቅርጫቴ እጄ ላይ ነበር፣ ልቃቂቴ ውስጡ ነበር። ከዚያ ሁሉ ፈታይ መሃል ‹እስቲ ያንቺን አምጪ፣ እናመሳክረው› ያለች አንዲት ሴት የለችም። አንቺን ብቻ አይደለም የታዘብኩት።»

ፈቃደ ድምፅ ሰምቶ ከጓሮ ገባ። የጥበቃ ካፖርት ለብሷል። ሲያያት ቆም አለ፣ ከዚያ ባናውን አየው። ሰዎቹን ትቶ ወደ ባናው ነው የሄደው። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጣቱ ተከተለው።

«ከዚህም በላይ ወረደ» አለ።

«አዎ።»

«ለዚህ ነበር የደወልኩት። የመጀመሪያው ፈትልሽ የከረረ ነው፣ እሱን ድር ባደርገው ይሸከማል። ሁለተኛው የላላ ነው፣ እሱን ማግ ባደርገው ያሞቃል። ወዲህና ወዲያ የተሾረ ክር ሲገናኝ ደግሞ ሲረገጥ እንዴት አጥብቆ እንደሚያያዝ። ምን የመሰለ ባና ይወጣው ነበር። ግን አንቺ ሁለተኛውን ስትልኪ እኔ አንዱን ቁራጭ ጨርሼ ነበር። ‹ልፍታውና ላዋህደው፣ አሥር ቀን ጨምሪልኝ› አልኩሽ።»

ባሂራ ይህንን በእውነት አታስታውሰውም ነበር። አሁን ሲለው ግን ከስልኩ ውስጥ ድምፁን ሰማችው፤ የራሷንም መልስ።

«እናቴ በርዷታል፣ አታስተምረኝ አልኩህ።»

«እንደዚያ አልሽኝ።»

«ታዲያ ገበያ ላይ ለምን ይሄን ሁሉ አልተናገርክም?»

«ጀመርኩ። አንቺ ወላሂ አልሽ። አንቺ ወላሂ ካልሽ በኋላ እኔ ምን እላለሁ? እኔን የሚያውቀኝ በሽመናዬ ነው እንጂ በአባቴ ስም የሚያውቀኝ አልነበረም።»

ሁለት ተማሪዎች ገብተው ሽሮ አዘዙ። ዓለምዘውድ አቀረበችላቸው። ስትመለስ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ከዚያ ወዲህ እንዝርት ይዤ አላውቅም። እዚህ ሰፈር ግራኝ መሆኔን ሲያዩ ቶሎ ጭልፋውን ወደ ቀኝ አዛውራለሁ። ይቅር በሉኝ ልትዪ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ሌባ አለመሆኔን ለማወቅ አንቺን አልጠበቅኩም። ቤቴ ድረስ መጥተሽ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? የማያውቁት እዚያ ናቸው።»

ባሂራ ባናውን አጠፈች። ፌስታሉ ውስጥ ስትከተው ፈቃደ የፌስታሉን አፍ ያዘላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዓለምዘውድ «ምሳ ሳትበዪ እንዳትሄጂ አልልሽም» አለች።

«ልክ ነሽ» አለች ባሂራ። ወጣች።

መናኸሪያው ላይ ቆማ ለመምህሩ ደወለች። «እናቴ፣ በሰላም ነው? ነገ እኮ ላሳትም ነው» አለ።

«የመጀመሪያውን ቅደደው። እንደዚህ ብለህ ጻፍ። ባናውን የሸመነው ፈቃደ ነው። ፈትሉን ሙሉውን የፈተለችው ባሂራ ናት፤ ቀኙን በቀኝ እጇ፣ ግራውን በግራ እጇ። ሸማኔው ነግሯት እምቢ ብላ አበላሸችው።»

መምህሩ እዚህ ላይ አቆማት። «‹አበላሸችው› ባንል ምን ይመስልዎታል? ለእኛ እኮ ትልቅ ትምህርት ነው።»

«ለአንተ ትምህርት ነው፤ ለእኔ ብልሽት ነው። ጻፍ። የዓለምዘውድን ስም ደግሞ አውጣው። እሷ ስላልሠራችበት ስሟ አይገባበትም።»

*

በገበያ ቀን፣ ሰው ገና ሳይሞላ፣ ባሂራ ባናውን፣ ከማዳበሪያው የቀረውን ጠጉርና እንዝርቷን ይዛ ሸምሶ በር ላይ ደረሰች። ባናውን ያው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ጥጥ የምትሸጠው ሰፍያ ከወዲያ ማዶ አየቻትና ለጎረቤቶቿ ጮክ ብላ «ይኸው ዛሬ ደግሞ ተራው የማን ነው? ሴቶች፣ እጃችሁን ደብቁ» አለች። ተሳቀ።

«የእኔ ነው» አለች ባሂራ። «ነይ፣ ሰፍያ። ያን ጊዜም ክሩን ያሸሽው አንቺ ነሽ። ኑ።»

እየተሳሳቁ መጡ። ባሂራ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋ ተቀመጠች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እንዝርቱን ግራ ጭኗ ላይ አኖረችና በግራ እጇ አሾረችው። ክሩ ተበጠሰ። አንዷ «ምን ሆነሻል፣ እትዬ ባሂራ፣ ቀኝሽ ታመመ?» አለቻት። እንደገና አሾረችው። ሁለተኛም ተበጠሰ። ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ሦስተኛው ያዘ፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ሆነ። ቆርጣ ለሰፍያ ሰጠቻት። ከባናው ግራ ጎንም አንድ ክር መዝዛ ጨመረችላት።

ሰፍያ አንዱን አሸች፤ ተፈታ። ሌላውን አሸች፤ ተፈታ። ወደ ፀሐይ አቅርባ ሁለቱን አየቻቸው። ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ሄደ። ለአጠገቧ ሴት አቀበለቻት፣ ያቺም ለሌላዋ። በመጨረሻ ሸምሶ ገመዱን አስቀምጦ ተቀበለና አሸው።

«የዓለምዘውድ ፈትል አይደለም» አለች ባሂራ። «የእኔ ነው። ጣቴ ተሰንጥቆ ነበር፤ ይኸው ጠባሳው። ፈቃደ ነግሮኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ከዚያ እዚህ ቆሜ በወላሂ ዋሸሁ። እሱ አልሰረቀም። እሷ አልሰረቀችም። እናቴን ብርድ ያስመታኋት እኔ ነኝ።»

ድምጿ አልተሰበረም።

ሸምሶ ክሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ባሂራ?» አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት፣ ጋሽ ሸምሶ።»

አንዳንዱ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አንዳንዱ ለማያውቀው ሊነግር ቆመ። ሰፍያ ወደ ጥጧ ተመልሳ ቀኑን ሙሉ ወደ ባሂራ አላየችም።

በሚቀጥለው ገበያ ባሂራ ባናውን እንደገና ሰቀለችው። ያንኑ ፈተለች፣ ያንኑ ተናገረች፤ ያለፈው ገበያ ላልነበሩት። በሦስተኛው ገበያም መጣች። ያን ዕለት ሰፍያ ትዕግሥቷ አለቀ። ከጥጧ መሃል ብድግ ብላ «እትዬ ባሂራ፣ ሰምተናል እኮ። በቃ፣ አትዋረጂ» አለቻት።

ባሂራ እንዝርቱን ግራ ጭኗ ላይ እያስተካከለች ቀና አለች።

«ያን ጊዜም ሦስት ገበያ ነው የሰቀልኩት» አለች። «በቃ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

አሾረችው።